ባለ ሁለት ፍጥነቱ መጥረጊያ

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ከጥበቷ የተነሣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንድ ሰው ይቆምባታል፤ ሦስተኛ ከመጣ አንዱ መውጣት አለበት። ሰውዬው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እዚያች ጥበት ውስጥ አጉሊ መነጽሩን ቀኝ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ትንፋሽ ቢያመልጠው በርረው የሚጠፉ ብሎኖችን ሲፈታና ሲያስር ኖሯል። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ሰኮንዶ» ይለዋል። ቀጠሮ ስለሚያከብር ነው የሚሉ አሉ፤ እንደ ሰከንድ ቆጣሪ ዘንግ ቀጭንና ችኩል ስለሆነ ነው የሚሉም አሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ታላቅ እህቱ በሩን ሞልታ ቆመች። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት። ግማሹ ከተማ ወደዚህ ዓለም የመጣው በእሷ እጅ ስለሆነ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ይላታል፤ «እትዬ» የሚላት እሱ ብቻ ነው። በፎጣ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አላት።

«ግለጠውና እየው።»

ገለጠው። ግራሶ የጠገበ፣ ጥቁር፣ ክብ ብረት ነው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የመኪና ዕቃ ነው።»

«የመኪናዬ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው።»

«እኔ ደግሞ ሰዓት ነው የምሠራው።»

«ሰዓትም ይዞራል፣ ይሄም ይዞራል። ምን ልዩነት አለው?»

መኪናዋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። የመሬት ቀያሽ የነበረው ሟቹ ባሏ ትቶላት የሄደው ንብረት እሷ ናት፦ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀች፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ አሮጌ የስፖርት መኪና። ዕድሜዋ ከሰዓት ሠሪው ይበልጣል። ሲስተር እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃት። በበጋ ስታሽከረክራት መንገደኛው ቆሞ ያያል። ዝናብ ሲገባ ግን ነገር ይበላሻል፤ መጥረጊያዎቿ ሄደው እስኪመለሱ ድረስ ሰው አንድ ጸሎት አድርሶ ይጨርሳል። ቀያሹ በሕይወት ሳለ ደመና ባየ ቁጥር ወደ ቤት ይሸሽ ነበር።

«ሦስት ኤሌክትሪሻኖች ጋ ወስጃታለሁ» አለች ሲስተር። «አንዱ ‹ይሽጧት› አለኝ። ሁለተኛው ‹ለሙዚየም ይስጧት› አለኝ። ሦስተኛውን በገዛ እጄ ነው ያዋለድኩት፤ እሱ እንኳ ሳቀብኝ። ወንድሜ፣ መኪናዬ በየክረምቱ ሦስት ወር ሙሉ እንደ አራስ ቤት ትተኛለች። አራስ እንኳ ቶሎ ትነሣለች! ባለቤቴ ዕድሜውን ሁሉ ከዝናብ ሲሸሽ ኖረ። እኔን ግን መሸሹ ሰለቸኝ።»

ሰዓት ሠሪው እምቢ ሊል አስቦ ነበር። ነገር ግን ሲስተርን እምቢ የሚል ሰው በዚያ ሰፈር አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ያዋለደችው እሷ ናት።

«ለማየት ያህል ብቻ ነው» ብሎ ብሎኖቹን ፈታ።

ክዳኑ ሲነሣ ግራሶው እንደ ሰም ደርቆ ነበር። በጨርቅና በነጭ ጋዝ ቀስ እያለ አጠበው። ከሥሩ ሰዓት ሠሪዎች «ጥርስ» የሚሉት አንድ የናስ መዘውር ወጣ፤ እንደ ትንሽ ብርጭቆ አፍ ክብ፣ ዙሪያውን ዘመም ዘመም ብለው የተቆረጡ ጥርሶች ያሉት። በጥርሱ ላይ፣ ከመሐሉ ፈንጠር ብላ፣ አንዲት አጭር ዘንግ ቆማለች። ዘንጓ ላይ አንድ የብረት ክንድ ተሰክቷል። ሰዓት ሠሪው በጣቱ ጫፍ ጥርሱን አዞረው። ጥርሱ ዞረ፤ ክንዱ ግን አልዞረም። ወደፊት ሄደ፣ ተመለሰ። እንደገና አዞረው። ሄደ፣ ተመለሰ።

እጁን ሰብስቦ ጎንበስ ብሎ አየው።

ሞተር የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ መዞር። መጥረጊያ ደግሞ ሄዶ መመለስ አለበት። እነዚህን ሁለት የማይግባቡ ነገሮች አንዲት ከመሐል የራቀች ዘንግ አስታርቃቸዋለች። ከክንዱ ጫፍ የሚወጣውን ገመድ ሳብ አድርጎ አየው። ተራ ገመድ አልነበረም፤ ዙሪያውን ሽቦ እንደ ብሎን ጥርስ ተጠምጥሞበታል። ይህ ገመድ በቱቦ ውስጥ ተሽሎክሉኮ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እንደሚያዞራቸው ሳይነገረው ገባው።

«ወይ ጉድ!» አለ በለሆሳስ።

ዕድሜ ልኩን «መኪና ማለት ነዳጅ የሚጠጣ ጋሪ ነው» ሲል የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን አንድ የማያውቀው፣ ስሙ የትም ያልተጻፈ ሰው፣ ማንም ከፍቶ በማያየው ቆርቆሮ ውስጥ ይህን ሁሉ አሳምሮ አስቀምጦ ሄዷል። ሰዓት ሠሪው ልክ ቤት ሳያንኳኳ እንደ ገባ ሰው ተሳቀቀ።

«ምነው ዝም አልክ? ሞቷል እንዴ?» አለች እህቱ።

«ኧረ አልሞተም፤ ደክሞታል እንጂ። እትዬ፣ ይሄ እኮ ሰዓት ነው! ወፍራም፣ ጩኸታም ሰዓት።»

ጠመዝማዛው የሞተሩ ሽቦ ግን አርጅቷል፤ ጉልበቱም ፍጥነቱም አንድ ብቻ ነው። «ለካፊያ ይበቃል፣ ለዶፍ አይሆንም» አላት። «በዕድሜ ከመኪናዋ የምታንስ፣ የዘሯ የሆነች መኪና ሞተር ከተገኘ ሁለት ፍጥነት ይኖረዋል።»

ሲስተር ሦስት ቀን አልቆየችም። የአሮጌ መኪና ዕቃ ነጋዴውን አምስት ልጆች ያዋለደች ሰው ምን ይጠፋታል? ከተጋጨች መኪና የተፈታ ሞተር ይዛ መጣች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢዋ ውስጥ ሰዓት ሠሪው በጀርባው ዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ፣ እግሮቹን በበሩ አውጥቶ፣ ሲያቃስትና ካቻቢቴ ሲጥል ዋለ። ማዶ ያለው አናጢ መላጊያውን ትቶ አጥሩ ላይ ተደገፈና ሥራውን በምላሱ ያግዝ ጀመር።

«ሰኮንዶ፣ እግርህ ብቻ ነው የቀረው፤ መኪናዋ ዋጠችህ!»

ሲጨርስ ሲስተር መሪው ጋ ተቀመጠችና ማብሪያውን ተጫነች። መጥረጊያዎቹ ተነሡ፤ ኃይላቸውም ያስገርም ነበር። ግን ማቆሚያቸውን አላወቁም። የግራው ከመስታወቱ አልፎ የብረቱን ጠርዝ ጧ! አደረገው፤ ተመልሶ ሲመጣም እንደገና ጧ! በሦስተኛው ላይ ጎማው ከነማቀፊያው ተፈናጥሮ በአጥሩ ላይ ዘለለና አናጢው እግር ሥር ወደቀ።

«ሲስተር» አለ አናጢው ዕቃውን አንሥቶ እያየ፣ «መኪናዎ እጇን እያወዛወዘች እየተሰናበተችዎ ነው!»

ሲስተር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወንድሟ ግን አልሳቀም። ሰው ፊት እጁ ሲያጥር ይህ የመጀመሪያው ነበር። የገጠመውን መልሶ ፈትቶ፣ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ሁለቱንም ሞተሮች በብብቱ ይዞ፣ ሰላም እንኳ ሳይል ወጣ።

በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሱቁን ዘግቶ ሁለቱን ጥርሶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። የአሮጌው ናስ ነው፤ የአዲሱ ነጭ ፕላስቲክ ነው። ከዚህ በቀር አንድ ናቸው። አጉሊ መነጽሩን ሰካ። ያን ጊዜ በናሱ ጀርባ ላይ ለዓይን የማይሞላ ቁጥር አየ፦ መቶ አሥር። ነጩን ገለበጠው፦ መቶ ሠላሳ። ቁጥሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንንም አልጠየቀም። ሰዓት ሠሪ ስለ ክብና ስለ ድግሪ ያውቃል። መጥረጊያው የሚጠርገው ስፋት ነው! የአዲሱ ጥርስ ዘንግ ከመሐል ጥቂት ራቅ ብላለች፤ ያቺ ጥቂት ርቀት ሃያ ድግሪ ሆና መስታወቱ ላይ ወጣች። ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት የምትበልጥ ልዩነት ናት የአናጢውን እግር ልትመታ የነበረችው።

«አይ የሰው ልጅ!» አለ ብቻውን።

መፍትሔው ቀላል ነበር፦ የአሮጌውን ናስ በአዲሱ ሞተር ውስጥ ማስገባት። ግን የናሱ የመሐል ቀዳዳ፣ ጥርሱ ለሚሰካበት ለአዲሱ ሞተር ዘንግ ሰፋ ይላል። ሰዓት ሠሪው ከአንድ የተጣለ የግድግዳ ሰዓት ናስ ቆረጠ፤ ጠቀለለ፣ ሞረደ፣ ለካ፣ እንደገና ሞረደ። እኩለ ቀን ሲሆን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ቀለበት በወረንጦው ጫፍ ላይ ነበረች። ቀዳዳው ውስጥ ሲያስገባት ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ጥርሱን አዞረው። ምንም አልተንገጫገጨም። ረኃቡ ትዝ ያለው ያኔ ነው።

ሰኞ ማታ ሊመሽ ሲል እንደገና ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። አናጢው በዚህ ጊዜ አጥሩን አልፎ ገባ፤ «ከሩቅ ሆኜ ከምመታ ቀርቤ ልመታ» ብሎ። ባልዲ ሙሉ ውኃ የፊት መስታወቱ ላይ እንዲያፈስስ ታዘዘ። ሲስተር ማብሪያውን ተጫነች።

ሁለቱ መጥረጊያዎች አንድ ላይ ተነሡ፣ አንድ ላይ ሄዱ፣ ጠርዙ ሊደርሱ ሁለት ጣት ሲቀራቸው ቆም አሉና አንድ ላይ ተመለሱ። ማብሪያውን ደገመችው፤ ፈጠኑ። አናጢው ባዶውን ባልዲ እንደያዘ ቀረ። እህቲቱም ወንድሟን በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ መስታወቱ ያልተገጠመ ያህል ጠርቶ ነበር።

ዝናቡ በሐሙስ መጣ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ ሲስተርም ሱቁ በር ላይ ክላክስ አደረገች። «ዝጋና ውጣ!»

«እትዬ፣ ደንበኛ ቀጥሬያለሁ።»

«ሰዓቱ የተበላሸበት ሰው መርፈዱን በምን ያውቃል? ግባ!»

ገባ። ጉልበቱ አገጩ ሥር ደረሰ። ከከተማው ወጥተው ወደ ተራራው የሚወጣውን መንገድ ያዙ። መጀመሪያ ካፊያ ነበር፣ ከዚያ ዝናብ፣ ከዚያ ሰማይ የተቀደደ እስኪመስል ዶፍ። በረዶም ተቀላቀለበት። ሸራው ጣሪያ እንደ ከበሮ ተደበደበ። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ዳር ይዘው፣ መብራታቸውን ብልጭ ድርግም እያደረጉ ቆመዋል። አንድ አውቶቡስም ቆሟል፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አፍጥጠው ያቺን ከጎማቸው ብዙም የማትበልጥ መኪና ስታልፍ ያያሉ።

«እትዬ፣ ሁሉም እኮ ቆሟል።»

«ስለማይታያቸው ነው» አለችና ማብሪያውን ወደ ሁለተኛው ፍጥነት ገፋችው።

ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ መጥረጊያዎቹን ብቻ ነበር የሚያየው። እየቆጠረ ነበር። አልዛነፉም። ኋላ ግን ዓይኑ ሳያስበው አልፏቸው ሄደ። ውኃው መስታወቱን ይደፍነዋል፤ ዓለም ትጠፋለች። መጥረጊያው ያልፋል፤ መንገዱ፣ የድንጋይ ግንቡ፣ ከገደሉ የሚወርደው ቡናማ ጎርፍ ሁሉ ጥርት ብሎ ይመጣል። እንደገና ይጠፋል፤ እንደገና ይመጣል። እህቱ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ሳትናገር፣ ማርሽ እየቀነሰች ኩርባውን አንድ በአንድ ታልፈው ነበር። በምጥ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሆና ትሠራ እንደነበር ሰው ሲያወራ ሰምቷል። ዓይቷት ግን አያውቅም። ሃምሳ ስምንት ዓመት እህቱ ሆና ኖራለች፤ የምትችለውን ያየው ዛሬ ነው።

ከአንድ ኩርባ በኋላ ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ፀሐይ ነበር። መጥረጊያው በደረቅ መስታወት ላይ ጢጥ እያለ ይንፏቀቃል።

ሲስተር መኪናዋን ዳር አቁማ ወረደች፤ እሱም ጉልበቱን አቃንቶ ተከተላት። ከኋላቸው ዝናቡ ቆሟል። መውረዱን አላቆመም፤ እንደ ግድግዳ ቆሟል እንጂ። ከሸለቆው ሥር እስከ ሰማይ ድረስ ግራጫ ሆኖ፣ ፀሐይዋ እየመታችው ያብለጨልጫል። ጠርዙ መንገዱን አቋርጦ በመሥመር የተሰመረ ይመስላል፤ ወዲያ ውኃ እየፈላ፣ ወዲህ አቧራው እንኳ አልረጠበም። ሰዓት ሠሪው ቀስ ብሎ ተራመደና እጁን ዘረጋ። ጫማው ደረቅ መሬት ላይ ነው፤ መዳፉ ላይ ግን ዶፉ ይወርዳል። አጉሊ መነጽር የሚያስፈልገው ምንም ነገር አልነበረም። ለማየት ዓይኑ ብቻ አነሰው።

ሲስተርም መጥታ አጠገቡ እጇን ዘረጋች። ስንት ሺህ ሕፃን የተቀበለ እጅ ነው፤ አሁን ዝናብ ተቀበለ።

«ባለቤቴ ይሄን ሳያይ ሄደ» አለች። እጇን ሳትመልስ ደግሞ፣ «እኔም ላላይ ነበር» አለች።

 እጁን ኮቱ ላይ ጠረገ። ታች ኩርባው ላይ የመጀመሪያው የጭነት መኪና መብራት ከዝናቡ ውስጥ ብቅ ሲል አየ።

«እንመለስ?» አላት።

«መመለሻው በዚያው ውስጥ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው» አለ፤ እንደ ትንሽ ልጅ አፍሮ። «ማብሪያውን ግን ስንመለስ እኔ ልጫነው።»