የአደባባዩ አበባ

ቪናያን ፈሪ ሰው ነበር። ሐሜት አይደለም፤ ሚስቱ ስሪጃ ራሷ ለጎረቤት የምታወራው ነው። ሻርጃ ላይ ዘጠነኛ ፎቅ ባለችው ባለ አንድ መኝታ ቤታቸው የበረንዳውን በር በሽቦ ጠፍሮ አስሮታል፤ ስሪጃ ልብስ የምታሰጣው በመስኮት እጇን አውጥታ ነው። የጋዙን ቁልፍ ሳይተኛ ሦስት ጊዜ ይነካዋል። ልጁ አሚኒ ወይን ስትበላ እያንዳንዷን ፍሬ ለሁለት ይሰነጥቅላታል። ልጅቷ ስድስት ዓመት ሞልቷት፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሌላ ሊበቅል፣ እሱ አሁንም ወይን ይሰነጥቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃውንም ለሁለት ሰንጥቅላት እንጂ፣ እንዳያንቃት» ትለዋለች ስሪጃ።

«ሳቂ፣ ሳቂ። የፈሩት ይደርሳል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ስለዚህ አትፍራዋ።»

ቀን ቀን የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የተሰባበረ ፍሬቻ፣ የተጨረማመተ ኮፈን ታቅፈው «የዚህ ዓይነት አለህ?» የሚሉ ሰዎችን ሲያስተናግድ ይውላል። ዕቃውን ያመጣላቸዋል፣ ልቡ ግን ብረቱ ላይ ይቀራል። ብረት እንዲህ ከሆነ ሥጋ ምን ይሆናል?

ማታ ቁልፉን በሩ ውስጥ ሲያዞር ግን ያ ሁሉ ይረሳል። አሚኒ ከሳሎኑ ጫፍ እንደ ጥጃ አንገቷን ደፍታ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ ትንደረደርና በግንባሯ ሆዱን ትወጋዋለች። «አቻ መጣ!» ትላለች፣ አባቷን እንዲህ ነው የምትጠራው። እሱም በየቀኑ የተገፋ መስሎ ግድግዳው ላይ ይወድቃል። ከዚያ እግሩን ታጥቦ ምንጣፉ ላይ ይጋደማል፣ ልጅቷ ሆዱ ላይ ትወጣለች፣ ወሬ ይጀመራል።

ያ ፈሪ ሰውዬ ወሬ ሲጀምር ሌላ ሰው ነው። የሚያወራው ስለ አገሩ ነው፤ ሕንድ ውስጥ፣ ፓላካድ አጠገብ ስላለችው የሩዝ ማሳ መንደር። አሚኒ የተወለደችው እዚሁ ሻርጃ ስለሆነ መንደሩን አይታው አታውቅም። ይልቁንም ስለ ኦናም፣ ስለ አገሩ የመኸር በዓል፣ ሲሆን አያልቅበትም። ለኦናም አሥር ቀን ሙሉ ደጃፍ ላይ የአበባ ክብ ይሠራል። በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል፣ አሥረኛው ቀን ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ይሠራል።

«አበባውን ማን ያመጣዋል?» ትለዋለች አሚኒ፣ እያወቀች።

«እኛ ልጆቹ ነና! ጎህ ሳይቀድ፣ አገር ተኝቶ ሳለ፣ ታላቅ እህቴ ማድሃቪ፣ እኔና ታናሻችን ቅርጫታችንን ይዘን ሹልክ! ትልቅ ሰው ካየን አበባው እዚያው እጃችን ላይ ይጠወልጋል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያከላት ራሱ ነው። ወሬው እንዲጣፍጥ።

ጨዋታም ነበራቸው። ማድሃቪ ታናናሾቿ በጨለማ የመስኖ ቦይ ውስጥ እንዳይገቡባት ያወጣችው ደንብ ነው። እሷ ከሩቅ «ገና አለ—!» ብላ ስትጣራ፣ ልጁ ባለበት ጎንበስ ብሎ «ልልቀም—!» ይላል። ጥሪው እስኪያበቃ ከቆመበት ንቅንቅ የለም። እግሩን ያነሳ የለቀመውን ሁሉ ያስረክባል። ዘንድሮ ኦናም ከገባ ወዲህ ቪናያን ከገበያ በላስቲክ የገዛውን አበባ ሳሎኑ ላይ ይበትነውና ከማድቤቱ በር ይጣራል። አሚኒ ከሱቁ ደጅ በወደቀ የቴምር ዝንጣፊ በሠራላት ቅርጫት ትለቅማለች። የመጀመሪያው ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር። ከፊት ለፊት የምትኖረው ያገራቸው ሰው፣ የካሊከቷ እትዬ ራዚያ፣ በሯን በርግዳ ብቅ አለች።

«ቪናያን! ድምፅህ ነው ወይስ የሊፍቱ ገመድ ተበጠሰ?»

«ይቅርታ እትዬ ራዚያ፣ ልጅ እያጫወትኩ—»

«አጫውት፣ አጫውት። እኔማ የስንብት ጸሎት ልጀምር ነበር።»

ስሪጃ ሳቋን መያዝ አቃታት። እሱ ግን ፖሊስ እንዳይጠራበት ፈርቶ ከዚያ ወዲህ «ገና አለ» የሚለውን በሹክሹክታ አደረገው።

ሌላም ቀልድ ነበራቸው። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ከሰፈራቸው ማዶ ባለው ትልቁ አደባባይ ያልፋሉ። መሐሉ በሐምራዊና በነጭ አበባ የተሞላ ነው። ቪናያን መሪውን እያዞረ ይጠይቃታል።

«ይኼ ማሳ የማን ነው?»

«የኛ!»

«አበባውስ?»

«የኛ!»

ያንን አበባ መቅጠፍ እንደሚያስቀጣ አልነገራትም። መንገዱን ስንት መኪና እንደሚዞረውም አልነገራትም። ወይን የሚሰነጥቀው ሰውዬ ይህን ረሳው።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ባዶ እጁን ገባ። የአበባ ነጋዴው ከቀትር በፊት ሸጦ ጨርሷል። አሚኒ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«ታዲያ ነገ ትልቁ የለም?»

«ትልቁን በሩዝ ዱቄት እንሥለዋለን» አለች ስሪጃ።

«ዱቄት አበባ ነው?»

ቪናያን የልጁን እንባ ማየት አይችልም። «ኧረ ባክሽ! እኛ መቼ አበባ ገዝተን እናውቃለን?» አለና ያንኑ ወሬ ጀመረ። ጎህ ሳይቀድ፣ አገር ተኝቶ ሳለ፣ ሹልክ። አሚኒ እንባዋን ጠርጋ፣ ከወትሮው ይልቅ በጸጥታ አዳመጠችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ እሱ ልጁን አባበልኩ ብሎ ደስ ብሎት ተኛ።

ለንጋት ሶላት ሲጠራ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ልጅቷ ፍራሽ ዘረጋ። እጁ አንሶላ አገኘ። ገፋ አድርጎ ዳበሰ። ፍራሹ ቀዝቅዟል።

«ስሪጃ። ልጅቷ አንቺ ጋ ናት?»

«እ?»

«አሚኒ አንቺ ጋ ናት ወይ!»

መታጠቢያ ቤት የለችም። ማድቤት የለችም። ወደ በረንዳው ሮጠ፤ ሽቦው እንደታሰረ ነው፣ ሆኖም ጣቱ እስኪላጥ ድረስ ዳበሰው። ከዚያ ዞር ሲል የውጭውን በር አየ። በርጩማው በሩ ሥር ቆሟል። የበሩ ሰንሰለት ተፈቶ ተንጠልጥሏል። ያን ሁሉ ዓመት ሲያስር ሲጠፍር የኖረ ሰው፣ ይህችን ሰንሰለት ያስገጠማት ሌባ እንዳይገባ ነበር። አደጋ ከውጭ ይገባል እንጂ ከውስጥ ተነስቶ ይወጣል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ስሪጃ ጸጉሯን እንኳ ሳትሰበስብ የእትዬ ራዚያን በር ትደበድባለች። ቪናያን ሊፍቱ ፊት ቆሞ ቁልፉን ይጫናል፣ ይጫናል። የሊፍቱን ጉድጓድ አሰበ። በር ከፍቶ «ነይ ከረሜላ» የሚል መኪና አሰበ። ያላሰበው ነገር የለም፤ ፍርሃቱ ስንት ዓመት ሲለማመድ ኖሮ ዛሬ ቀኑ ደረሰለት።

እትዬ ራዚያ የጸሎት ነጠላዋን እንደተከናነበች ወጣች። ቀልድ የለም።

«ስሪጃ፣ ዝም በይ! ለቅሶው ይቆይ። ልጅቷ ምን ለብሳለች? ምን ይዛለች?»

«የሌሊት ቀሚሷን... ቢጫውን...»

«ጫማዋስ?»

ስሪጃ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ጫማዋ የለም። ዓይኗ በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ቀረ።

«ቅርጫቷ የለም» አለች።

ቪናያን ግድግዳውን ያዘ። ስሪጃ አየችው፤ ሁለቱም የማታው ወሬ ትዝ አላቸው። ሊፍቱን ትቶ በደረጃው ወረደ፤ መወጣጫውን ሲወርድ ሁልጊዜ ድጋፉን የሚይዝ ሰው በየእርከኑ እየዘለለ ወረደ።

ከሕንፃው ሲወጣ ወበቁ ፊቱን መታው፣ መነጽሩም በቅጽበት በጉም ተሸፈነ። አውልቆ በሸሚዙ ሊወለውል ሞከረ፤ ሸሚዙም በላብ ርሷል። ዘበኛው መስጊድ ሄዷል፣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። በግማሽ ዓይኑ እያየ፣ በባዶ እግሩ፣ የመኪኖቹን ጩኸት ተከትሎ ወደ አደባባዩ ሮጠ። በልቡ ያ የተጨረማመተ ኮፈን ሁሉ እየተንጋጋ አብሮት ይሮጣል።

አደባባዩ ነቅቷል። ሠራተኛ የጫኑ አውቶብሶች፣ የውሃ ቦቴዎች፣ ዳቦ የሚያደርሱ መኪኖች፣ አንዱ ሌላውን እየቀደመ ይዞራል። ከዚያ ሁሉ መሐል፣ አበባው ውስጥ፣ አንዲት ቢጫ ነገር ጎንበስ ቀና ትላለች።

በሕይወት አለች።

ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ ከፍቶም ቀረ። ስሟን ከጠራ ትመጣለች። እንደ ማታው፣ አንገቷን ደፍታ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ፣ ሆዱን ልትወጋ ትንደረደራለች። በሁለቱ መካከል አራት መስመር መኪና አለ። እጁን ቢያወዛውዝ ትመጣለች። ዝም ብሎ ቢሻገር፣ ካየችው፣ ትመጣለች። በዓለም ላይ ከማንም በላይ የሚወዳት ሰው፣ ዛሬ ለልጁ ከቦቴው የከፋ አደጋ ሆነ።

ያን ጊዜ አሚኒ ቀና አለች። አየችው። የወለቀው ጥርሷ ቦታ እስኪታየው ድረስ ሳቀች፤ ቅርጫቷን አቀፈች፤ አንድ እግሯን ከጠርዙ አወረደች።

«ገና አለ—!»

ከየት እንደወጣ አያውቅም። ሹክሹክታ አልነበረም። አጠገቡ የነበረ ብስክሌተኛ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

አሚኒ ቆመች። እግሯ አየር ላይ ነው። ደንቡ ትዝ አላት፤ የለቀመችውን ልታስረክብ ነው። እግሯን መለሰች፣ ጎንበስ አለች።

«ልልቀም—!»

እጁን ዘርግቶ ወደ መንገዱ ገባ። አንድ አውቶብስ ሲጢጥ ብሎ ቆመ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰደበው፣ ከመስኮቶቹ የራስ ቁር ያደረጉ ፊቶች ብቅ አሉ። «ገና አለ—!» «ልልቀም—!» ሁለተኛውን መስመር አለፈ። «ገና አለ—!» በዚህ መሐል አንድ የውሃ ቦቴ በመካከላቸው ገባ፤ ረጅም፣ ነጭ፣ የማያልቅ። ልጅቷ ጠፋች። ጩኸቱ ሁሉን ዋጠው። «ገና አለ—!» አለ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ፣ መልስ የለም። «ገና አለ! አሚ— ገና አለ! ገና አለ!» ቦቴው አላለቀም። ቪናያን በዚያች ቅጽበት ዓለምን ያለ ልጁ አያት፤ ሳሎኑን አየው፣ የተሰነጠቀ ወይን ሳህን ላይ አየ።

«...ቀም—!»

ቦቴው አለፈ። እዚያው ናት። ጎንበስ እንዳለች ናት።

አበባው መሐል ተንበርክኮ ያዛት፤ አጥንቷ እስኪያማት።

«አልተንቀሳቀስኩም አይደል፣ አቻ?»

«አልተንቀሳቀስሽም።»

«አንዴ እግሬን ላነሳ ነበር፣ ግን አይቆጠርም አይደል?»

«አይቆጠርም።»

«ለምን ትንቀጠቀጣለህ? ይበርድሃል?»

በዚያ ወበቅ «አዎ፣ በረደኝ» አላት። እሷ ግን ሌላ ሐሳብ ገብቷታል፤ ቅርጫቷን በእጇ ሸፈነችው።

«አየኸኝ እኮ። ትልቅ ሰው ነህ። ሊጠወልግ ነው?»

«አይጠወልግም። የመጠውለጉን ነገር እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ዋሽተህ?»

«ዋሽቼ።»

ትንሽ አኮረፈችው። አቅፏት ሲሻገር አውቶብሱ እንደቆመ ነበር፤ ሹፌሩ ስድቡን ትቶ፣ እጁን በመስኮት ዘርግቶ የኋላ መኪኖችን ይዞለታል።

ከሕንፃው ደጅ ስሪጃ ልጅቷን ከእቅፉ ነጠቀችው። አገላብጣ አየቻት፣ ሳመቻት፣ ቂጧን በጥፊ መታቻት፣ እንደገና ሳመቻት። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«ድምፅህ እስከዚህ ይሰማ ነበር» አለችው።

እትዬ ራዚያ ከኋላ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «የሊፍቱ ገመድ ይሻል ነበር» አለች።

አበባውን መልሶ መትከል አይቻልም። ክቡን ደጃፉ ላይ ሊሠሩ ሲሉ ቪናያን ሰው እንዳያይ ፈርቶ ከበሩ ወደ ውስጥ አስገባቸው። ጥቂት ነበር፤ እትዬ ራዚያ ለአረንጓዴው የሚሆን አንድ እቅፍ ናና አምጥታ ሞላችው። ቤቱ ናና ናና ሸተተ። ስሪጃ ፓያሳሙን፣ የኦናሙን ጣፋጭ ወተት፣ እሳት ላይ ጥዳ ታማስላለች፤ በየመሐሉ እየመጣች የልጅቷን ራስ ነካ አድርጋ ትመለሳለች።

ቪናያን በርጩማው ላይ ቆሞ፣ አፉ ውስጥ ብሎን ይዞ፣ በሩ ላይ መቀርቀሪያ እየገጠመ ነው። ከላይ፣ የሱ እጅ ብቻ በሚደርስበት።

አሚኒ ከአበባው ቀና ብላ አየችው።

«አቻ፣ የእናንተም በር እንደዚህ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

«ታዲያ እናትህ አትፈራም ነበር?»

ካቻቪቴው ቆመ። እናቱ ትዝ አለችው። ከአበባ ለቀማ ሲመለሱ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ መብራት ይዛ ቆማ ያገኟት ነበር። ለምድጃው ማልዳ የተነሳች ይመስለው ነበር። ማሳው ላይ ያ ጥሪና መልስ ሲመላለስ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ልጅ እያለች ስትሰማ ኖራለች ለካ። የማድሃቪ ደንብ ነው ሲል የኖረውን ማን እንዳወጣው ዛሬ ገባው።

«ትፈራ ነበር» አላት። «ድምፃችንን ትሰማ ነበር።»

አሚኒ ይህን አሰበችበት። «ታዲያ የሚቀጥለው ጊዜ አንተም ቆመህ ስማኛ» አለችና ወደ አበባዋ ተመለሰች።

ቪናያን ወደ መቀርቀሪያው ዞረ። ብሎኑን አጠበቀ። ከበርጩማው ሊወርድ ሲል እንደገና እጁን አነሳና መቀርቀሪያውን ሦስት ጊዜ ነካው።