ልጆች እስኪደርሱ

ትሬሲያማ ከሞቱ ሰነባብተዋል፤ ግን አልተቀበሩም። በከተማቸው በፓላ ልጆቹ ውጭ አገር ያሉበት ሰው ሲሞት፣ የመጨረሻው ልጅ እስኪደርስ አስከሬኑ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። የትሬሲያማ አንድያ ልጅ ቢኖይ አየርላንድ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ እየታደሰ ስለሆነ፣ አሁን ከወጣ ተመልሶ መግባቱ ያጠራጥራል።

ጎረቤታቸው ጂንሲ የዚያው ሆስፒታል ነርስ ናት። ቢኖይ ስለ እናቱ ሊጠይቅ በየማለዳው ይደውልላታል።

«እህቴ፣ ዛሬም አየሻት?»

«አየኋት።»

«አልበረዳትም?» ይልና ያለው ነገር ገብቶት ስልኩን ይዘጋል።

ጂንሲ ግን ብርድ ልብስ ደርባላቸው ነበር። ለምን እንዳደረገችው ራሷም አታውቅም።

እሷንም ሁለት ሥራ እየጠበቃት ነው። አንዱ ዓረብ አገር፣ ሙስካት፤ ኮንትራቱ አጭር ቢሆንም ክፉ ቀን ከመጣ በማግስቱ ቤቷ መድረስ ትችላለች። ሌላው ጀርመን፤ ከነቤተሰብ ለዘለቄታው የሚያኖር ቪዛ አለው፤ እስከዚያው ግን እንደ ቢኖይ ከዚያ ሳይወጡ ወረቀት መጠበቅ ነው። ሁለቱም መልስ የሚፈልጉት በዚህ ሳምንት ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከአባቷ ከኩንጃቻን ጋር የተቀቀለ ካሳቫና የዓሣ ወጥ ሊበሉ ተቀመጡ።

«ሙስካት አትሄጂም» አለ አባቷ።

«ሙስካት እሄዳለሁ ማን አለህ?»

«ፊትሽ። ስታጠኚ ይኼ ግድግዳ እንኳ ጀርመንኛ ለምዷል። ያን ሁሉ የለፈለፍሽው ለሙስካት ነው?»

«አንተስ፣ አባዬ?»

«ቄሱን አነጋግሬያለሁ። እንደሞትኩ ይቀብሩኛል። ማንንም አይጠብቁም።»

«እኔንም?»

«ከአንቺ ሌላ ማን አለኝና? እኔ እንደሆነ ብርድ አልወድም።»

ጂንሲ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠችው። እሱ እጁን ታጥቦ ተነሳና በቪዲዮ ደውሎላት ስልኩን ሳሎን መደርደሪያው ላይ አቆመው። ዛሬ ዛሬ ቀብር ሁሉ ውጭ ላሉት በስልክ ይተላለፋል።

«ያንቺን ይዘሽ ደጅ ወዳሉት የጎማ ዛፎች ሂጂ። ቀብሬ ከዚህ ሲተላለፍ እንዴት እንደምታዪው እንሞክረው።»

«አብደሃል እንዴ?»

«በሕይወት እያለሁ ልሞክርልሽ እንጂ። ያኔ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

እምቢ አለች። እሱ ግን የእናቷ አስከሬን አርፎበት በነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ተንጋሎ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ፤ እስክትወጣም አልነሳ አለ። ወጣች። ካፊያ ነበር።

«እታያለሁ?» አለ በስልኩ።

«ትታያለህ።»

«ፊቴስ?»

«ፊትህም ይታያል። በቃ ተነስ።»

አልተነሳም። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ ደረቱ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ከስልኩ ላይ አይለይም። በሩ ክፍት ነው፤ ብትሮጥ ወዲያው ትደርሳለች። እግሯ አንድ ጊዜ ተነሳ። ከዚያ ጀርመን ሆና ይህን ማየት ትችል እንደሆነ ማወቅ እንዳለባት ገባት፤ ቆመች። ዝናቡ ስልኩን ሲያርሰው በመዳፏ እየጠረገች የአባቷን ፊት ማየቷን ቀጠለች።

ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ።

«አልመጣሽም» አለ።

«አልመጣሁም።»

«ጎበዝ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ጂንሲ ወደ ቤት ሳትገባ፣ እዚያው ዛፎቹ ሥር እንደቆመች፣ ለጀርመኖቹ እሺታዋን ጻፈች።