ሽታው የጠፋ ቀን

ባትሪው ከአልጋችን ስር ነበር። የምንኖርበትን ቤት መኪና የሠሩት ሰዎች ቦታውን እዚያ አድርገውታል፤ ባለቤቴ ኢርቪንም አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ሲገጥም እዚያው አስገባው።

"የሁለት ዓመት ዋስትና አለው፣ ሎርና" አለኝ ወረቀቱን እያውለበለበ። "ለእኔ እንኳ ይህን ያህል የሚሰጠኝ የለም።"

ሰባ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ነብራስካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ ስወጣ፣ ቤታችንን ሸጠን ይህን መኪና ገዛን። በረዶው ሲመጣ ወደ አሪዞና በረሃ እንወርዳለን። ውሃም መብራትም የሌለበት ጠጠራማ ሜዳ ነው፤ እንደኛ ያሉ ጡረተኞች ቤት መኪናቸውን እዚህም እዚያም አራርቀው ያቆማሉ። ቀን ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ባትሪውን ይሞላል፣ ማታ ደግሞ ባትሪው የኢርቪንን የመተንፈሻ ማሽን ያንቀሳቅሳል። ያለ ማሽኑ እንቅልፍ ሲወስደው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

ጥር ሲገባ ባትሪው ሰነፈ። ቀኑን ሙሉ ሲሞላ ውሎ፣ ገና ሳይነጋ ማሽኑ ይጠፋል። ባትሪውን ወደሸጠልን ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ታንያ የምትባል ልጅ ነበረች።

"ባትሪውን ከቦታው እንዳያነሱት፣ እመቤቴ። የኛ ባለሙያ ሳያየው ከተነቀለ ዋስትናው ይሰረዛል። ፎቶ ይላኩልን፤ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይደርስዎታል።"

"እስከዚያ ባሌ በምን ይተንፍስ?"

"ስሜትዎን እረዳለሁ" አለች፤ ከወረቀት እንደምታነብ ያስታውቃል።

አልነቀልነውም። ፎቶውን ላክን፤ ላዩ ላይ ተኝተን መጠበቅ ያዝን።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ የገማ እንቁላል ይሸት ጀመር። ኢርቪን የመጸዳጃው ታንከር ነው ብሎ መድኃኒት ጨመረበት። መኪናውን አጠገባችን ያቆመው ሃርላን፣ የቀድሞ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሊጠይቀን መጥቶ ደጃፉ ላይ አፍንጫውን ያዘ።

"ኢርቪን፣ ሚስትህ ምን እያበላችህ ነው? ወይስ ውስጥ ሰው ቀብረሃል?"

"አንተን ልቀብር ጉድጓዱን እያዘጋጀሁ ነው" አለው ኢርቪን።

ተሳሳቅን። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ያለው፣ ጋዝ ሲያፈተልክ የሚያስጠነቅቀው ደወል ይጮህ ጀመር። ኢርቪን "አርጅቷል" ብሎ ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እኔም ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን ዛሬም አልረሳውም።

ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ኢርቪን ነገር ይጠፋበት ጀመር። ቁልፉን በእጁ ይዞ ቁልፍ ይፈልጋል። አንድ ጠዋት በሟች እህቱ ስም ጠራኝ። እናቱ በመጨረሻ ዘመኗ አእምሮዋ ጠፍቶ ነበርና፣ መጣብን ብዬ ፈራሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም። ውጭ ስወጣ ይሻለኛል፤ ስገባ ዓይኔ ያቃጥለኛል። የበረሃው አቧራ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

በስድስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ።

"አላልኩሽም? ታንከሩ ነበር" አለ ኢርቪን። እኔም እፎይ አልኩ።

በስምንተኛው ቀን ምሳ በላን፤ ኢርቪን እንደ ልማዱ ጋደም አለ። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ ሰማዩ ላይ አንድም ደመና የለም። ውስጥ ስልኩ አይሠራም ነበርና ከሃርላን መኪና ጥላ ስር ወንበር ይዤ፣ ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ ከፍ አድርጌ ደወልኩ። ታንያ የባትሪውን ቁጥር ጠየቀችኝና ከዋስትናው ወረቀት ላይ አነበብኩላት። ስትጽፍ ይሰማኝ የነበረው ድምፅ ቀጥ አለ።

"አንዴ ይጠብቁኝ።"

ቀጥሎ የመጣው የወንድ ድምፅ ነው። ሩበን እባላለሁ፣ የድርጅቱ ቴክኒሻን ነኝ አለ። እሱ ከወረቀት አያነብም ነበር።

"ባትሪው የት ነው ያለው?"

"ከአልጋችን ስር።"

"የገማ እንቁላል ሸቷችሁ ነበር?"

"አዎ፣ ግን አሁን ጠፍቷል።"



"ሽታው አልጠፋም፣ እመቤቴ። የተበላሸው ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዛል። አሁን ፀሐይ አለ?"

"እንዴታ!"

"እንግዲያው ባትሪው እየተሞላ፣ ጋዝም እየለቀቀ ነው። ውስጥ ሰው አለ?"

ስልኩን ጥዬ ሮጥኩ። ሃርላን ከኋላዬ "ትንፋሽሽን ያዢ!" እያለ ይጮኻል፤ ሩበን በስልኩ ያለውን ሰምቷል። በሩን በረገድኩት። ኢርቪን በጀርባው ተኝቷል፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ስሙን ልጠራ ስል ትንፋሼ አመለጠኝ፣ ወለሉ ላይም ወደቅኩ። ሃርላን እኔን በአንገትጌዬ ጎትቶ ወደ ውጭ ወረወረኝ፤ ተመልሶ ገብቶ ኢርቪንን በሁለት እግሩ ይዞ ደረጃውን አወረደው። ጭንቅላቱ ደረጃው ላይ ሲጋጭ ይሰማኛል። ጠጠሩ ላይ አጋደምነው። በጥፊ መታሁት፣ ለመንኩት፣ ሰደብኩት። ብዙ ቆይቶ አስመለሰው።

ሃርላን የጠራቸው እሳት አደጋዎች ጭንብል አጥልቀው ገቡ። አንደኛው መለኪያውን አየና ሃምሳ እርምጃ ያህል አራቀን። ያወጡት ባትሪ ጎኖቹ እንደ ሊጥ ኩፍ ብለው ነበር።

ኢርቪን አራት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ስሜን አስታወሰ፤ እጁ ግን እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

በሳምንቱ ሩበን ራሱ አዲሱን ባትሪ በመኪና አመጣልን። ቀጭን፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። እንድፈርም ወረቀት ሰጠኝ። መጨረሻው መስመር ላይ "ዕቃው በማንም ላይ ጉዳት አላደረሰም" ይላል።

"ካልፈረሙ ባትሪውን እንዳልሰጥዎት ታዝዣለሁ" አለ መሬት መሬት እያየ።

ኢርቪን ወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኛል። ሲመሽ ማሽኑ ያስፈልገዋል። እስክሪብቶውን ተቀብዬ ያንን መስመር ሁለት ጊዜ ሰረዝኩትና ከስሩ ፈረምኩ። ሩበን ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ከስረዛው ጎን የራሱን ስም ጽፎ ፈረመ፤ ባትሪውንም አወረደ። ውስጥ አታስገባውም አልኩት፤ ከውጭ በኩል፣ ነፋስ በሚገባበት የብረት ሳጥን ውስጥ ገጠመው።

ሲጨርስ ከኪሱ ሌላ ወረቀት አወጣ። "ከዚህ ጋር በአንድ ዙር ከተመረቱት አሥራ አንድ ባትሪ እዚህ አካባቢ ተሸጧል። አሥሩን አግኝቻለሁ። አንዷ ስልክ አታነሳም። ኤድና ፕሩዊት ትባላለች። ያውቋታል?"

ሃርላን ያውቃታል። መኪናዋን ሜዳው ጫፍ ላይ ለብቻዋ የምታቆም ሴት ናት። ሩበን፣ ሃርላንና እኔ ሄድን። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ሶላሩ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። አንኳኳን፤ መልስ የለም። ሩበን ጭንብሉን አጥልቆ በሩን በብረት ፈልቅቆ ገባ። ቆመን ጠበቅን። 

"ማንም የለም" አለ ሩበን ሲወጣ። "ባትሪው ግን እየፈላ ነው።"

ከወዲያ ማዶ ያለ ጎረቤት እየሮጠ መጣ። ኤድናን ከትናንት ወዲያ አምቡላንስ ወስዷታል፤ ምላሷ ተሳስሮ ነበር፣ ሐኪሞች ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል ብለው እያከሟት ነው አለን።

ሩበን እዚያው ቆሞ ሆስፒታሉ ጋ ደወለ። ስሟን ፊደል በፊደል ነገራቸው፤ የባትሪ ጋዝ ስትተነፍስ እንደከረመች፣ ሕመሟም ከዚያ ሊሆን እንደሚችል ነገራቸው፤ የት እንደሚሠራ ሲጠይቁትም ሳይደብቅ ነገራቸው። 

"ምን አሉህ?" አልኩት።

"ሐኪሟን እየጠሩ ነው" አለኝ፤ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም።