በጥቁሮቹ ጠጠሮች የሚጫወተው

ሜርቭ የቼዙን ፈረስ እንዳነሳ እጁን አየር ላይ አቁሞ፣ ከሴት ልጁ ከግሌኒስ ትከሻ በላይ ወደ በሩ ተመለከተ።

"ግባና ተቀመጥ። ወለሉን ግን በውሃ አታበስብሰው" አለ።

ግሌኒስ ዞር ብላ አየች። በሩ ላይ ማንም የለም።

"ማንን ነው አባዬ?"

"ዴስን ነዋ። በጥቁሮቹ ጠጠሮች የሚጫወተው እሱ አይደል?"

አጎቷ ዴስ ከሞተ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በወደብ ከተማቸው በፖርት ሊንከን የሚወራው አንድ ነው፤ ማዕበል ከጀልባው ላይ ጠርጎ ወሰደው። አባቷ ስለ ወንድሙ አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ከሦስት ወር በፊት ሜርቭ የግሌኒስን ስም ረስቶ፣ ማንኪያ መያዝ እንኳ አቅቶት ነበር። በአረጋውያን መጦሪያው የምትንከባከበው ሎሳና "በጉብዝናው ጊዜ ምን ይወድ ነበር?" ብላ ጠየቀች። ቼዝ ነበር። ግሌኒስ አጨዋወቱን ከስምንት ዓመቷ የልጅ ልጇ ከሩቢ ተማረችና፣ የዓሣ ማሸጊያው ፈረቃዋ ባለቀ ቁጥር እየመጣች ታጫውተው ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት በእጁ በላ። በአምስተኛው "ግሌኒስ፣ ንግሥትሽን በነፃ ትሰጫለሽ እንዴ፣ አንቺ ሞኝ" ብሎ ሰደባት። መታጠቢያ ቤት ገብታ በደስታ አለቀሰች።

ትዝታው ግን እሷ ላይ ሲደርስ አልቆመም።

"ዴስ የተንጠለጠለበትን ገመድ ይዤው ነበር" አለ ሜርቭ፣ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሳ። "መዳፌን ሲልጠኝ ለቀቅኩት። አየኝ እኮ። ስለቀው አየኝ።"

ግሌኒስ ወታደሯን እንደጨበጠች ቀረች።

ሎሳና ሻይ ይዛ ስትገባ የሽማግሌውን እርጥብ ጉንጭ አየች። ግሌኒስን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት።

"ትናንትም እንዲህ ሆኖ ነበር" አለች። "ሰሌዳውን ላንሳው እንዴ እህቴ? በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ይረሳዋል፤ ያርፋል።"

"እኔንም?"

ሎሳና ትሪውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። "አንቺንም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ግሌኒስ በበሩ አጮልቃ አየችው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ያ ሰው ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእናቷ ጋር ሲበላ፣ እሷን ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ መዳፉ ውስጥ ያ ገመድ ነበር።

"ተይው፤ አታንሺው" ብላ ገባች።

"ተቀይመኸኛል?" አለ ሜርቭ ወደ በሩ እያየ።

"እኔ ዴስ አይደለሁም አባዬ። ግሌኒስ ነኝ።"

"አውቃለሁ። አንቺን መች አናገርኩሽ።"

በሟች ስም ይቅርታ መስጠት የእሷ ሥልጣን አልነበረም። ጥግ ላይ ያለውን ባዶ ወንበር ጎትታ ለዴስ ከእሷ ወንበር ጎን አስጠጋችው።

"ገመዱ ጋ ነበርክ" አለችው። "ከዚያ ቀጥል። ሁለታችንም እየሰማንህ ነው።"