ድምፁን አጥፋልኝ

፩

«ድምፁን አጥፋልኝ።»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ድምፁን። አጥፋልኝና ልሞክረው።»

ሻጩ ናሆም ይባላል። ጨዋታ የሚወድ ልጅ ነው፤ ሰውዬው ግራ የተጋባ መስሎት በትዕግሥት ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፒያኖ ነው። ድምፁን ሳይሰሙ ምኑን ሊገዙት ነው?»

«ቁልፉን።»

«ኧረ ቁልፍ ከሆነማ ቀራጩ ማዶ ነው! እዚያ ጋ፣ ከጫማ ቤቱ አጠገብ።»

ሰውዬው ሳቅ አመለጠው። ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ወዲያው ግን ሌባ ኪሱ የገባበት ይመስል ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ።

፪

አሰግድ ፒያኖ መጫወት አይችልም። አስቀድሞ ይሄ ይታወቅልኝ።

ሃምሳን አልፏል፤ የመድኃኒት መጋዘን ይጠብቃል፤ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ጢሙን ከተላጨ ወራት ሆነው። ሙዚቃ ያስተማረው ሰው የለም። ያለው ጆሮ ብቻ ነው፤ እሱንም ከራዲዮ ሥር ተቀምጦ፣ ከቅዳሴ ሲመለስ ዜማውን በሆዱ እየደገመ፣ ከሁሉም በላይ ግን ሚስቱን ከኩሽናው በር ቆሞ እየሰማ ራሱ ነው ያሳደገው። ሚስቱ ሰናይት ፒያኖ አስተማሪ ናት።

የሰናይት ጣቶች ሥራ ፈትተው አያውቁም ነበር። ታክሲ ውስጥ ክንዱ ላይ ትጫወታለች። በስብከት መሃል ሳይቀር።

«ኧረ ሰኒ፣ ቤተ ክርስቲያን ነን።»

«መዝሙር ነው እኮ» ትለዋለች በሹክሹክታ፤ ክንዱንም አትለቅም።

ስለዚህ ጣቷ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ወድቆ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ እንዴት እንደሚነሳ፣ ይሄን ሁሉ የአሰግድ ክንድ ያውቀዋል።

ከሐምሌ ወዲህ ክንዱን የነካው ጣት የለም።

ልጁን ቀብሯል። አሁን ሱቅ ለሱቅ የሚዞረው ሚስቱንም በቁሟ እንዳይቀብራት ነው።

፫

ስለ ማኅደር፣ ስለ ልጃቸው።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ሐምሌ።

ዝናብ።

መኪና።

አንባቢዬ፣ በዚህ ቁጥር ሥር ከዚህ በላይ እንድጽፍ አትጠይቀኝ። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

፬

ስለ ፒያኖው አሟሟት ግን መናገር እችላለሁ።

ለቅሶ ሲሆን ሳሎን ይለቀቃል። ሶፋው ይወጣል፣ ቡፌው ይወጣል፣ ፍራሽ ይነጠፋል። የዕድሩ ጎረምሶች ያን ቀን ሶፋውን አወጡ፤ ቴሌቪዥኑን አወጡ፤ ትልቁን የእንጨት ፒያኖም «ያዝ! በአንተ በኩል ቀና አድርገው!» እየተባባሉ ተሸክመው ወደ ግቢ አወጡትና ድንኳኑ ዳር አቆሙት። ክፉ ያሰበ ማንም የለም። ቁመቱ የሚመች ስለሆነ ሴቶቹ ትሪና ሳህን ደረደሩበት።* ድንኳኑ ደግሞ ከዳሩ ያፈስ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን፣ ዕቃው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ እንጨቱ አብጦ ነበር።

ሰናይት አጠገቡ ቆመች። አንድ ቁልፍ ተጫነች። ወረደ። እስኪነሳ ጠበቀችው።

አልተነሳም።

ክዳኑን ዘጋችው። ለሰባት ቀን ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰችው። ከዚያ በኋላ ለቅሶም፣ ወሬም፣ ምንም የለም። የሰጧትን ትቀምሳለች። ተኚ ሲሏት ትተኛለች።

*ሳህኖቹን የደረደረችው ጎረቤታቸው እትዬ ትርፌ ናት። ፲፩ ላይ ትመጣለች፤ እስከዚያ አትፍረዱባት።

፭

የሰናይት ታናሽ ወንድም አንድ ቀን ትንሽ ኪቦርድ ከጓደኛው ተውሶ መጣ። ጠረጴዛ ላይ አኖረላት። የተባባሉት ይሄ ነው፦

ወንድሟ፦ እስኪ ሞክሪው እህት ዓለም። ቀላል ነው፣ እፍ ብትይው ይጮሃል።

ሰናይት፦ (አንድ ቁልፍ ተጫነች።)

ወንድሟ፦ እህስ?

ሰናይት፦ የበር ደወል ነው።

ወንድሟ፦ እንዴት ማለት?

ሰናይት፦ ተጫንኩት። ማንም አልከፈተም።

ወንድሟ ኪቦርዱን ጠቅልሎ ሄደ፤ ግቢው በር ላይ ሲደርስ ዓይኑን በጃኬቱ እጅጌ ሲጠርግ አሰግድ አየው። አሰግድ ግን ሌላ ነገር አይቷል። ጣቷ ተንቀሳቅሷል። ማንም ሳይገፋት፣ ራሷ ወደ ቁልፉ ሄዳለች። የፈለገችው ቁልፉ መልሶ እንዲገፋት ነው። እዚያ ማዶ ክብደት ያለው ነገር መኖሩን ጣቷ እንዲያውቅ ነው።

ፍለጋው በዚህ ተጀመረ።

፮

አንድ ነገር ይቀረዋል። የማኅደር ዓመት ገና አልወጣም፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሙዚቃ አይከፈትም። ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ዲጂታል ፒያኖ በጆሮ ማዳመጫ መጫወት እንደሚቻል የሰማ ጊዜ ደስ ቢለውም፣ ልቡ አላረፈለትምና የንስሐ አባቱን አባ ኪሮስን ከቅዳሴ በኋላ ጥግ አስያዛቸው።

«አባ፣ ዓመቷ ሳይወጣ ቤት ውስጥ ፒያኖ ቢነካ ኃጢአት ነው?»

«ማን ይሰማዋል?»

«በጆሮ ማዳመጫ ነው። እሷ ብቻ ናት።»

«አንተስ?»

«እኔም አልሰማም።»

«እግዚአብሔርስ?»

«እሱማ… ይሰማል።»

«እንግዲያ ዋናው ከሰማ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ለቅሶ ቤት ራዲዮ አይከፈት ያለው መጽሐፍ አይደለም፣ ጎረቤት ነው።» መስቀሉን አሳለሙት። ጥቂት ሄደው ዞር አሉ። «አንተ ግን ታሳዝነኛለህ። ገዝተህ የማትሰማው።»

«ግድ የለም አባ። ስትነካው አያለሁ።»

፯

መመሪያ

(መጫወት ሳትችል ለሌላ ሰው ፒያኖ ለምትመርጥ። አሰግድ ከኢንተርኔትም ከሰው አፍም የለቃቀመው ነው፤ የመጨረሻው ብቻ የራሱ ነው።)

ድምፁን አጥፋ። ድምፅ ያባብላል።

ጣትህን ቁልፉ ላይ አሳርፍ እንጂ አትጫን። ሳትጠይቀው የሚወርድ ከሆነ ተወው፣ ወደሚቀጥለው ሂድ።

አሁን ዝቅ አድርገው። ቀስ ብለህ፣ ያንቀላፋ ሕፃን እንደምታስተኛ። ሊያልቅ ሲል ምራቅ እንደ መዋጥ ያለች ትንሽ እንቅፋት ካገኘህ ደግ ነው። በእንጨቱ ፒያኖ ክሩን የሚመታው መዶሻ የሚያመልጥባት ቦታ ናት።

ጣትህን አንሳ። ተከትሎህ ይነሳል? ወይስ ይዘገያል?

በግራ ያሉትን ወፍራም ድምፆች ሞክር፤ በቀኝ ያሉትን ቀጫጭኖችም ሞክር። ግራው ከበድ፣ ቀኙ ቀለል ይላል። እንዲያ ነው መሆን ያለበት።

ዓይንህን ጨፍን። በአንዱ እጅህ ቁልፉን፣ በሌላው የራስህን ክንድ ተጫን። አስታውስ።

፰

ሱቅ

ቁልፉ እንደ እርጥብ አሸዋ ነው። ባለ ሱቁ «ከባድ ማለት ጥራት ነው» አለው። ሊሆን ይችላል። አሰግድ ግን ከለቅሶ ፍራሽ ገና የሚነሳ ጣት ነው ያሰበው።

አይደለም።

፱

ሱቅ

ይነሳል፤ ግን ይቸኩላል። ጣቱን እንግዳ እንደ ሰለቸው ሰው አባረረው።

አይደለም።

፲

ሱቅ

ዞሮ ዞሮ ናሆም ጋ ተመለሰ።

ናሆም፦ መጡ ጋሼ! ቁልፍ ቀራጩ አልሆነም?

አሰግድ፦ አልሆነም።

ናሆም፦ እንግዲያ ይሄን ይዩ። ሦስት መቶ ዓይነት ድምፅ አለው። ዋሽንት አለው። ከበሮ አለው። ዝናብ ሁሉ አለው።

አሰግድ፦ ዝናብ አልፈልግም።

ናሆም የጥቁሩን ሸሚዝ ትርጉም ያን ጊዜ ነው ያስተዋለው። ጨዋታውን አቆመ። ወደ ሱቁ ጀርባ ገብቶ፣ መብራትና ጌጥ የሌለው፣ ብዙ ሰው ከማይጠይቀው አንድ ጥቁር ፒያኖ ላይ የተከመረውን ካርቶን አነሳለት። ወንበር አቀረበለት።

«ጠፍቷል ጋሼ። ይሞክሩት።»

አሰግድ ዓይኑን ጨፈነ። ቀኝ እጁን ቁልፉ ላይ፣ ግራውን ቀኝ ክንዱ ላይ አሳረፈ። ተጫነ። ወረደ፤ ከታች ትንሽ ያዝ አደረገው፤ ለቀቀው፤ ተከትሎት ተነሳ።

እንደገና።

እንደገና።

«ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ? ውሃ ላምጣ?»

«አይ፣ የኔ ልጅ። እሱ ነው።»

«ድምፁን ላብራውና ይስሙት?»

«ተወው። ድምፁ የኔ አይደለም።»

፲፩

ተሸካሚዎቹ ካርቶኑን ግቢ ሲያስገቡ እትዬ ትርፌ ደጇ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር።

«ምንድን ነው አሰግድ?»

«ጠረጴዛ ነው» አለ፣ ውሸት የማያውቅበት ሰው።

ካርቶኑ ላይ የፒያኖው ሥዕል ከዳር እስከ ዳር ተሥሏል። ትርፌ አየችው።

«ጠረጴዛው ጥርስ አለው እንዴ?»

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አሰግድ መሬት መሬት አየ። ሴትዮዋ ምስሩን አስቀምጣ ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች። የግቢውን በር ሰው እንዳያይ መለስ አደረገችላቸውና ወደ እሱ ተጠጋች።

«ያን ጊዜ ሳህኑን… እኔ እኮ ዕቃ መስሎኝ ነው። ዝም ብሎ ዕቃ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«በል አስገባው። እኔ ምንም አላየሁም። እግዜር ያጽናችሁ።»

፲፪

ሰናይት አየችው። አልነካችውም።

«ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«ምንም። ይቀመጥ።»

ነጠላዋን አውልቃ ከደነችው።

ተከድኗል።

ተከድኗል።

አሰግድ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት ዙሪያውን አቧራ ይጠርጋል። ነጠላውን አይገልጥም። ማታ ይጸልያል፦ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን መልስልኝ አላልኩም። ያንን በር አንተ ዘግተኸዋል፣ እሺ። ይቺን ግን…»

ጸሎቱ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይቆረጥበታል።

ተከድኗል።

፲፫

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ፣ ከቤቱ ውስጥ የሚወቀጥ ነገር ሰማ።

ዱብ።

ዱብ ዱብ።

ዱብ።

በርበሬ የሚወቀጥ መሰለው። በሩን ገፋ።

ነጠላው መሬት ላይ ነው። ሰናይት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች፤ ትልቁ ማዳመጫ ሁለቱንም ጆሮዎቿን ሸፍኗቸዋል። ትጫወታለች። ዜማ የለም፤ ለእሱ የሚደርሰው ቁልፎቹ ታች ሲደርሱ የሚሰጡት የታፈነ ዱብታ ብቻ ነው። ዳቦውን እንደታቀፈ ቆመ። ከንፈሩ ብቻውን «ተመስገን» አለ። ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል! አንገቷ ያዘነብላል! እንባው በጢሙ ላይ ወረደ፤ ሊጠርገው እንኳ አላሰበም።

ከዚያ ማዳመጥ ጀመረ። የሚችለው እሱን ብቻ ነው። ከዱብታው ዜማውን ሊያወጣው ሞከረ። አልወጣለትም። ዱብታው ሁሉ ከባድ ነው። ሁሉም ከግራ ነው።

የተቀመጠችበትን አግዳሚ ወንበር አየ። ሰናይት መሃል ላይ አልተቀመጠችም። ወደ ግራ ጥግ ተጠግታለች። በቀኟ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ የምታህል ቦታ አለ። በዚያ በኩል ያሉት ቁልፎች አልተነኩም።

እጆቿ አየር ላይ ቆሙ።

አልደከማትም። ተራ እየሰጠች ነው።

ለሁለት ሰው የተጻፈ ሙዚቃ አለ፤ እናት በወፍራሙ በኩል፣ ልጅ በቀጭኑ በኩል፣ አራት እጅ በአንድ ፒያኖ። የመረጠው ቁልፍ ልክ ነበር። ክንዱ አልተሳሳተም። ጣቷን መልሶላታል።

እሷን ግን ወዴት ነው የመለሳት?

ዱብ ዱብ። እንደገና ቆመች። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ድምፁ የት ድረስ እንደሚሰማ አያውቅም፤ ሰናይት ግድግዳውን አልፎ በሚሄድ፣ ሙሉ፣ በደህናው ዘመን ድምፅዋ ተናገረች።

፲፬

ሰናይት፦ አትሩጪ፣ ማኅደር።

ማኅደር፦

ሰናይት፦ እሺ። ከዚያ ጋ እንደገና።

ማኅደር፦

ሰናይት፦ ቆይ፣ ጠብቂኝ። መጣሁ።

ማኅደር፦

አሰግድ፦