ስርዝ ድልዝ የሌለበት ቅጽ

«ስርዝ ድልዝ ካለበት አንቀበልም» አለች ጸሐፊዋ ቅጹን በመስኮቱ ስር እያሾለከች። «አንድ ቃል ከሰረዙ ዋጋ የለውም። የእርስዎ የመጨረሻው ነው፤ ሌላ ቅጽ እስኪመጣ ዓመት ይፈጃል። ቀስ ብለው ይሙሉት።»

ተስፋሚካኤል እስክሪብቶ ተቀብሎ ግድግዳው ጥግ ያለች ጠረጴዛ ላይ አጎነበሰ። ተሳቢ መኪና ወደ ኋላ እየነዳ በጠባብ በር የሚያስገባ ሰው፣ አንዲት ወረቀት ፊት እጁን ላብ አጠመቀው። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ሥራ፦ ሹፌር። ፈቃድ የተጠየቀበት መሣሪያ፦ ሽጉጥ። ምክንያት የሚለው ላይ የሚጽፈው አላጣም። ባልደረባው አደሴ ባለፈው ጥር መንገድ ላይ ታግቶ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጫካ ከርሞ ሲመለስ ልጆቹ እንኳን ቶሎ አላወቁትም። ከዚያ ወዲህ ተስፋሚካኤል ረጅም መንገድ በወጣ ቁጥር ምግብ አይበላለትም። ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም።

ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። «አመልካቹ በቤተሰብ አባል ላይ የፈጸመው ዛቻ ወይም ጥቃት አለ?» ይላል።

የሚያየው ሰው ያለ ይመስል ዙሪያውን ቃኘ። ከዚያ በሚያምር ጽሕፈት «የለም» ብሎ ጻፈ። ከጻፈው ሁሉ ያማረችው እሷ ቃል ነበረች።

ጸሐፊዋ አየችለትና «ጎበዝ፣ ንጹሕ ነው» አለችው። «ከጀርባው የዕድርዎ ዳኛ ጸባይዎን መስክረው ይፈርሙበት። ነገ ይዘውት ይምጡ።»

ፊቱ ጋለ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ጂራታ ናቸው፤ የዛሬ ስምንት ዓመት እሱንና ሚስቱን ያስታረቁትም እሳቸው ናቸው። ያኔ ጠጥቶ ገብቶ፣ እራቱ ቀዝቅዟል ብሎ ብዙወርቅ ላይ ፋስ አነሳባት። አልመታትም፤ የመታው በሩን ነው። ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረችው ልጃቸው እምነት ከአልጋ ስር ተጎትታ ወጣች። በሩን በሳምንቱ አስቀየረው። «አልመታኋትም» የምትለው ነገር ግን ለብዙ ጊዜ እንደ ጥሩ ሥራ ስታጽናናው ኖራለች።

ደግነቱ ያስታረቀ ሽማግሌ የታረቀን ነገር መልሶ አያነሳም። ጋሽ ጂራታ ለገዛ ሚስታቸው እንኳን ትንፍሽ አላሉም። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚመለስበት ባጃጅ ውስጥ ይህን እያሰበ ራሱን አረጋጋ። በሽማግሌ ዝምታ ተከልሎ ፈቃድ ማውጣት እንደሚያሳፍር ልቡ አላጣውም፤ ግን ልቡን ማን ሰማው።

ጋሽ ጂራታን ያገኛቸው የዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ የድንኳን ብረት ሲያስተካክሉ ነው።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መቼ ገባህ?»

«ትናንት። ዓርብ መልሼ እወጣለሁ።» ቅጹን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀምረው አነበቡ። ሰባተኛው ላይ ጣታቸው ቆየ። ተስፋሚካኤል የተደራረቡትን የዕድር ወንበሮች መቁጠር ጀመረ።

«የአደሴን ነገር ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መፍራትህን አልፈርድብህም።»

«እንግዲያው ይፈርሙልኝ ጋሼ።»

«ያለፈውን አላነሳም። ሳሪስ አቦ ደጅ ላይ አንተ ምለሃል፣ እኔም ዘግቼዋለሁ። ፊርማ ግን ሌላ ነው ልጄ። ከፈረምኩ ዋስህ እኔ ነኝ።»

ብድግ ብለው የታጠፈውን ድንኳን ገፉና ከሥሩ በገመድ የታሰረ ጆንያ አወጡ። ሲፈቱት ፋስ ነው። ተስፋሚካኤል ወዲያው አወቀው። እጀታውን በአሮጌ የጎማ ላስቲክ የጠቀለለው ራሱ ነበር።

«በታረቃችሁ ማግስት ብዙወርቅ በአደራ አስቀመጠችው። ‹ቤት ውስጥ አይደር› አለችኝ።»

«ጠፋ ነበር ያለችኝ።»

«አንተስ ፈለግኸው?»

አልፈለገውም። ያኔ ጠፋ ስትለው እፎይ ብሎ ነበር፤ ነገሩ ሁሉ አብሮ የጠፋ መስሎት።

«መልሳ ጠይቃዎት አታውቅም?»

«ኧረ አታውቅም። ማገዶ የምትፈልጠው በእኔ ፋስ ነው። የራሷ እዚህ ተቀምጦ የእኔን ተውሳ ትሄዳለች። ስምንት ዓመት!» ጆንያውን መልሰው አሠሩት። «ብዙወርቅ ትምጣና ይህን በገዛ እጇ ትውሰድ። ያን ቀን ዓይኔን ሳላሽ እፈርምልሃለሁ።»

ቤት ሲደርስ ብዙወርቅ ግቢ ውስጥ የመንገድ ልብሶቹን እያጠበች ነበር። ደጅ ላይ ታጠና የነበረችው እምነት እሱን ስታይ ደብተሮቿን መሰብሰብ ጀመረች። ሁልጊዜም እንደዚያ ታደርጋለች፤ ለአባቷ ቦታ መልቀቋ ይመስለው ነበር።

ጋሽ ጂራታ ያሉትን ለሚስቱ ነገራት። ስለ ቅጹም ነገራት፤ ስርዝ ካለበት እንደማይቀበሉት፣ ሌላ እንደማይገኝ። ብዙወርቅ እጇን ከሳፋው አወጣች፤ በቀሚሷ አደራረቀችውና ነጠላዋን ከገመዱ ሳበች።

«እሺ። አሁኑኑ ላምጣው?»

እንድትቆጣ፣ እንድትከራከር ጠብቆ ነበር። ይህች ሴት በአንድ ኪሎ ሽንኩርት ከነጋዴ ጋር ግማሽ ሰዓት የምትሟገት ሴት ናት። አሁን ግን ነጠላዋን ለብሳ ጨርሳለች።

«ብዙዬ፣ ትፈሪኛለሽ?»

«ከዚያ ወዲህ እጅህን አላነሳህም። አልዋሽህም፣ ደህና ሰው ሆነሃል።»

«የጠየቅሁሽ እሱን አይደለም።»

ብዙወርቅ ወደ ልጅቷ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መንገድ ስትወጣ ላንተ እፈራለሁ። ስልክህ ካልሠራ እህል አይወርድልኝም። ስትመለስ ደግሞ አረማመድህን አዳምጣለሁ። ጠጥተህ እንደሆነ ገና ከበሩ አውቀዋለሁ። እምነትም ታውቃለች፤ ማን እንዳስተማራት እንጃ። ፋሱ እዚያ በመሆኑ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። እንግዲህ ጠየቅኸኝ፣ ነገርኩህ።»

ተስፋሚካኤል አፈረ። ከጸሐፊዋ ፊት ካፈረው፣ ከጋሽ ጂራታ ፊት ካፈረው ይህ ባሰ። እዚያ ያፈረው እንዳይታወቅበት ነበር፤ እዚህ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ ታውቆበት ኖሯል። ሽጉጡን ሲያስበው የነበረው ጋቢና ውስጥ፣ ከመቀመጫው ስር ነው። ቤት ሲገባ የት እንደሚያድር አንድም ቀን አስቦበት አያውቅም።

ቅጹን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በርጩማው ላይ ዘረጋው።

«እምነት፣ እስክሪብቶ ስጪኝ እስቲ።»

ልጅቷ እናቷን አይታ አቀበለችው። «የለም» የምትለዋን ቃል ከዳር እስከ ዳር ሰረዛት። ከላይዋም «አለ» ብሎ ጻፈ። ጽሕፈቱ አሁን አላማረም።

«ምን ሆነሃል? አበላሸኸው እኮ!» አለች ብዙወርቅ። «ዓርብስ?»

«ዓርብ እንደ ሌላው ሰው እወጣለሁ።» ይህን ሲል የአደሴ ፊት መጣበት። «ነጠላሽን አውልቂ። ፋሱ እዚያው ይቆይ።»

እስክሪብቶውን ለእምነት መለሰላትና ደብተሮቿን ከበሩ ላይ ሰብስባ እንዳትገባ በእጁ ምልክት ሰጣት። ከዚያ ዓርብ የሚለብሰውን እርጥብ ጃኬት ከሳፋው አንስቶ ጨመቀና ራሱ ገመዱ ላይ አሰጣው።