ባለ አንድ ዓይኗ ኮሮላ

ኔሬይዳ የአባቷን አሮጌ ኮሮላ የቀኝ የፊት መብራት ነቅላ ስታወጣ፣ በሳሊናስ ከተማ የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ ዳር አልካፑሪያ የሚሉትን ጥብስ እየገመጠ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀባት። ከሁሉም የባሰባት ግን የወንድሟ የዊልፍሬዶ ሳቅ ነው።

«አባዬ፣ እያት! መኪናህን አንድ ዓይና አደረገቻት!»

አባታቸው ዶን ኤውስታኪዮ ከታጣፊ ወንበሩ ሳይነሳ እጁን ዘረጋ። «መብራቱን ወዲህ በይ። ጨዋታሽን ስትጨርሺ መልሼ እገጥመዋለሁ።» ተቀብሎ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አቀፈው።

ጨዋታሽን! ደሟ ፈላ።

የሽማግሌው ጉልበት ከከዳው ወዲህ መኪናዋን ከሁለቱ ልጆቹ አንዱ ሊረከባት ነው፤ ዛሬ በየተራ ነድተዋት ፈጥኖ የገባው። ዊልፍሬዶ ለሞተሩ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል የተባለለትን የሚያብለጨልጭ የብረት ቱቦ አስመጥቶ፣ የአየር ማጣሪያ ፊልትሮውን ራዲያተሩ ኋላ ወሸቀው። «እዚያ ጋ የሚገባው እኮ ሞተሩ የተፋው ትኩስ አየር ነው!» እያለች ሦስት ሳምንት ጮኸችበት። እሱ ብልጭልጭ ነገር ካየ ጆሮው ይደፈናል። ቅድም በአሥራ አራት ነጥብ ሁለት ሰከንድ ገብቶ ደረቱን ነፍቶ ወረደ።

አሁን ተራው የእሷ ነው። ካቻቢቴዋን ይዛ የወንድሟን ቱቦ ልትፈታ ስትነካው ጣቷን ለበለባት።

«አባዬ፣ ና ንካውማ! ቀዝቃዛ የሚሉት ይሄ ነው?»

«ቀትር ነው ልጄ፣ ምን ይጠበቃል» አለ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ጥርሷን ነክሳ የራሷን ገጠመች። ከቧንቧ ሠራተኛ የለመነችው ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ አፉ መብራቱ በነበረበት ቀዳዳ ወደ ነፋሱ ይወጣል። የቱቦው ማሰሪያ ፋሸታዎቹን አጥብቃ ኮፈኑን ደፍታ፣ ማንንም ሳታይ ነዳች።

አሥራ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ዊልፍሬዶ ግን አፉ አያርፍም፤ «ኧረ ባክሽ፣ ነፋሱ ረድቶሽ ነው!»

«ነፋሱማ ረድቶኛል! ነፋስ እንዲገባ አይደል እንዴ የነቀልኩት፣ አንተ ደደብ!» ወደ አባቷ ዞረች። «አንተም አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ብትሰማኝ ምን ነበር?»

ዶን ኤውስታኪዮ እየተንገዳገደ መጥቶ ኮፈኑን ከፈተና ጥቁሩን ቱቦ ጨበጠው። እጁን ሳያነሳ ቆየ። አላቃጠለውም።

ከዚያ በክንዱ ይዞት የነበረውን መብራት ለዊልፍሬዶ አስታቀፈው።

«ያዝላት» አለው። «እህትህ ገና ትነዳለች።»